የትርንጎ ሰንፔር

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ሜሮን እጮኛዋን ልታስተዋውቀኝ ከባሕር ዳር ወረታ ድረስ መጣች። ልጁ ጨዋ ነው። ጉልበቴን ሊስም ሲያጎነብስ ያ ጠባብ ሱሪው እንዳይተረተር ሰጋሁለት እንጂ አስተዳደጉን ወድጄለታለሁ። ሜሮን ገና ሳትደላደል እጇን ዘርግታ ቀለበቷን አሳየችኝ። ቀጭን ወርቅ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ሰማያዊ ፈርጥ ተቀምጣለች። «ሰንፔር እኮ ነው እማማ! ትርጉሙን ላንብብልሽ» ብላ ስልኳን አወጣች። ታማኝነት ነው አለች፤ ጥበብ ነው፤ የልብ ንጽሕና ነው፤ የነገሥታት ድንጋይ ነው፤ በመስከረም ለተወለደ ሰው ደግሞ የዕድል ድንጋይ ነው። እጮኛዋ እሱ ራሱ የፈጠረው ይመስል በእያንዳንዱ ቃል ራሱን ይነቀንቃል። እኔ «ያምርብሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ» ብዬ መረቅኩና ውኃ ልቅዳ ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ውኃው ግን ቤት ውስጥ ነበር። ስመለስ ዓይኔ ቀልቶ ቢያዩት የደስታ እንባ መሰላቸው። ይምሰላቸው፤ ሙሽሮች ናቸው።

ከአጥሬ ማዶ የሩዝ መፈልፈያ አለ። ቀኑን ሙሉ ያጓራል፤ ወደ ማታ ገለባውን ሲያቃጥሉት ጢሱ ዓይን ይቆጠቁጣል። ዛሬ ፎገራ ማለት ሩዝ ነው፤ ልጆቹም ከጥንት ጀምሮ ሩዝ የበቀለበት አገር ይመስላቸዋል። በእኔ ጊዜ ሩዝ የሚባል ነገር በስምም አናውቀውም ነበር። ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ከጉብታ ወደ ጉብታ በታንኳ እንጠያየቅ ነበር። ውኃው ሲሸሽ ጥቁሩ አፈር ተሰነጣጥቆ ይቀራል፤ በዚያ ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ሣሩ ላይ ደግሞ ከብት ነው፤ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር፣ ሆዱ የወረደ፣ ወተቱ የማያልቅ የፎገራ ከብት። የእኛ ቤት ከወረታ ወደ ይፋግ ሲሄዱ ካለች አንዲት ጉብታ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ነበረ። ክረምት ሲሆን ደብሩና የእኛን ጥቂት ቤቶች ይዛ ጉብታዋ ብቻዋን ውኃ መካከል ትቀመጣለች።

ወረታም የዛሬዋ ባጃጅ የሚተራመስባት ወረታ አይደለችም። ከባሕር ዳር በሐሙሲት በኩል የመጣው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር በሚገነጠልበት ጥግ ላይ የተኮለኮሉ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች ነበረች። ጥጉ ላይ አንድ የየመን ሰው ሱቅ ነበረው። ጋዝ በጠርሙስ በስሙኒ፣ አቡጀዲ በክንድ፣ ስኳር በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሸጥ ነበር። የሱቁ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ፤ ሳሙና፣ ጋዝና ቅርንፉድ አንድ ላይ። ከሱቁ ጀርባ ሸክላ የሚያጫውት ጠጅ ቤት ነበረ። እኛ የካህን ልጆች በዚያ በኩል ስናልፍ ነጠላችንን እስከ ዓይናችን እንሸፍናለን፤ ጆሯችንን ግን አንሸፍንም። ዘፈኑን መንገድ ላይ እናጠናውና ወንዙ ዳር ልብስ ስናጥብ እንለቀዋለን። ወንዶቹ ተነፋነፍ ሱሪ ነበር የሚለብሱት፣ ሀብታሞቹ ካኪ ኮት ይደርቡበታል፤ እኛ ደግሞ የፈትል ቀሚስ፣ ባለ ጥለት መቀነት፣ አንገታችን ላይ ሰማያዊ የሐር ማተብ።

እኔ በዚያ ጊዜ ባሌን ፈትቼ አባቴ ቤት የተመለስኩ ሴት ነበርኩ። ለምን ፈታሽ ለሚለኝ «አፉ ሰፊ፣ እርሻው ጠባብ ሆኖብኝ» እል ነበር። ታናሽ እህቴ ትርንጎ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ ነበር። ስለ መልኳ ብዙ አልልም፤ ስለ ፈትሏ ግን መናገር አለብኝ። በዚያ ሜዳ እንደ ትርንጎ ቀጭን የሚፈትል ሴት አልነበረም። ክሯን ከበሩ ብርሃን ላይ ወጥራ ስታየው እኛ ምንም አይታየንም፤ እሷ ግን የወፈረውንና የሳሳውን ለይታ ትስቃለች። ሸማኔው ራሱ «የዚችን ልጅ ድር በዳበሳ ነው የምሠራው» ይል ነበር። ኩራቷ ዓይኗ ነበር ማለት ይቻላል። ሩቅ ሜዳ ላይ ያለን ላም ከጉብታችን ሆና የማን እንደሆነ ትናገራለች፤ ተወራርደን የረታናት ቀን የለም።

አባታችን የመጽሐፍ መምህር ነበሩ። ሰዉ ሁሉ የኔታ ይላቸው ነበር፤ ተማሪዎቻቸው ከጎጃም፣ ከበጌምድር፣ ከወሎ ጭምር እየመጡ በቅጥሩ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ይቀመጣሉ። ትርጓሜ የማያውቅ አንባቢ ይህን ይወቅልኝ፤ መምህሩ አንዱን ቃል ያነሣና ትርጉሙን ይሰጣል፤ ከዚያ «አንድም» ብሎ ሌላ ትርጉም ይጨምራል፤ ደግሞ «አንድም» ይላል። ይህን ሁሉ ግን ከራሱ አያመጣም። ከመምህሩ የሰማውን ነው የሚያወርደው፤ መምህሩም ከመምህሩ። ከራሱ የጨመረ ሰው በዚያ ጉባኤ ከሌባ አይሻልም። አባቴም በዚህ ጥብቅ ነበሩ። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። እኛ ሴቶቹ ከግድግዳው ወዲህ ጥጥ እየዳመጥን ጉባኤውን እንሰማ ስለነበር እኔም ከአንዳንዱ ተማሪ ያላነሰ ቃል ነበረኝ።

ትርንጎን ለልጁ የጠየቀው የይፋግ ነጋዴ አቶ ይርጋ ይባላል። ልጁ ደምሌ ረጋ ያለ፣ በገበያ ቀን ከአባቱ ኋላ በቅሎ እየሳበ የሚሄድ ጎልማሳ ነበር። ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት አቶ ይርጋ ከኮቱ ውስጥ ጨርቅ አወጣና ፈታው። ያረጀ የብር ቀለበት ነበር፤ ፈርጡ ሰማያዊ፣ የባቄላ ግማሽ የሚያህል።

«የኔታ፣ ይኸ ከአያቴ የመጣ ነው» አለ። «መተማ ሲነግዱ ነው ያገኙት። በቤታችን ለበኵር ልጅ ሚስት ይሰጣል፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ነገሩ ከፈረሰ ብቻ ይመለሳል። እኛ የመተማው ሰማያዊ ነው የምንለው።»

አባቴ ተቀብለው ወደ በሩ ሄዱ። ጀርባቸውን ሰጥተውን ብዙ ቆሙ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ የኔታ ስጦታው አነሳቸው ብለው ሳይሰጉ አልቀሩም። ሲመለሱ ጢማቸው በእንባ ርሶ ነበር።

«ሰንፔር ነው» አሉ። «ዕድሜየን ሙሉ ያስተማርሁት ድንጋይ ነው። በዓይኔ ሳላየው እሞታለሁ ብየ ነበር።»

ከዚያ እንግዶቹ ፊት ጉባኤ ላይ እንዳሉ አወረዱት። «ሰንፔር ሰማይ ነው፤ ከአምላክ እግር በታች የተነጠፈ ነውና። አንድም ኪዳን ነው፤ ቀለሙ አይለቅምና። አንድም ንጽሕና ነው፤ ደመና የሌለበት ሰማይ ቂም የሌለበት ልብ ነውና።» አቶ ይርጋ አያቱ ያመጡት ድንጋይ ይህን ያህል እንደሚያወራ አላወቀም ነበር መሰለኝ፣ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ።

ቀለበቱ ለትርንጎ ጣት ሰፊ ስለነበረ በማተቧ አንገቷ ላይ አሰረችው። ሰዎች ድንጋይ ለምን እንደሚወዱ ያን ጊዜ ገባኝ። እኛ ያለን ነገር ሁሉ ያልቃል። እህሉን ነቀዝ ይበላዋል፣ ቀሚሱ ይነትባል፣ ከብቱ ይሞታል፣ ጎጆውን ውኃ ይወስደዋል። ይህ ግን ከመተማ በግመል መጥቶ፣ በስንት ሴት ጣት አልፎ፣ ሴቶቹ አፈር ሆነው እሱ አልደበዘዘም። ጥላ ውስጥ ሲይዙት ጠቆር ያለ ነው፤ ወደ በሩ ብርሃን ሲያነሡት ግን ከውስጡ ይከፈታል። ትርንጎ ጠዋት ጠዋት ስትነቃ መጀመሪያ የምታደርገው ያንን ነበር። በሩን ገርበብ ታደርግና ድንጋዩን ብርሃን ላይ አንሥታ በአንድ ዓይኗ ታያለች። «እትየ፣ ነይ እይው፣ ዛሬ ደግሞ ሐምራዊ አለው» ትለኛለች። እኔ ሐምራዊውን አይቼው አላውቅም፤ ለእሷ ግን ነበረው።

ያን ዓመት ውኃው ዘግይቶ ሸሸ። ሲሸሽ ደግሞ ጭቃውን፣ የሞተውን ዓሣና ዝንቡን ጥሎ ሄደ። መስከረም ላይ አገሩ በሙሉ ዓይን ማዝ ያዘው። እኔንም ይዞኝ ነበር፤ ዓይኔ ተጣብቆ ያድራል፣ በለብታ ውኃ አጥበዋለሁ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ለቀቀኝ። ትርንጎን ግን አልለቀቃትም። ግራ ዓይኗ አብጦ ተደፈነ፤ ከዚያ ቀኙ ተከተለ። ብርሃን ሲነካት ትጮሃለች። ጨለማ ጓዳ ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

አባቴ በየቀኑ ከጉባኤ ሲመለሱ እግራቸው ሥር ተቀምጣ ማደጓን እያሰቡ ይሆን አላውቅም፣ ልጅቱ አጠገብ ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን ማተቧ ላይ ያለውን ድንጋይ ሲያዩ ቆዩና በዚያ በጉባኤ ድምፃቸው «አንድም የዓይን ብርሃን ነው፤ ሰማይ የብርሃን ማደሪያ ነውና» አሉ።

እኔ ጥጥ እየዳመጥኩ ነበር፤ እጄ ቆመ። ይህን አንድም ሰምቼው አላውቅም። ስንት ዓመት ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ የሰንፔሩን ንባብ ሲያስተምሩ ሰምቻለሁ፤ ሰማይ፣ ኪዳን፣ ንጽሕና፣ እዚያ ላይ ያበቃል። የዓይን ብርሃን የሚል አልነበረበትም። ከመምህራቸው አልሰሙትም፤ ያመጡት ከራሳቸው ነው። ልጃቸው ስትሰቃይ አይተው ከፍርሃታቸው አመጡት፤ እንዲያ ሆኖ ግን የተናገሩት ከመምህር እንደ ወረደ ሁሉ አድርገው ነበር፤ ከዚያች ቀን በኋላም ያመኑት እንደዚያው ነው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጠበል በጽዋ ተቀዳ፤ ድንጋዩ ጽዋው ውስጥ አደረ። በማግስቱ በዚያ ውኃ ዓይኗን አጠብንና ድንጋዩን በዓይኗ ቆብ ላይ አሳረፍንላት። ትርንጎ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። «እፎይ፣ ቀዘቀዘኝ» አለች። በሚያቃጥል ዓይን ላይ ቀዝቃዛ ነገር ሲያርፍ መቼም ያስታግሳል፤ የወንዝ ጠጠርም ቢሆን ያስታግስ ነበር። ጉድ የሠራን ያ ማስታገሱ ነው። እናቴ እልል አለች። አባቴ ደግሞ ሕጉን አወጡ፤ ጠበል የያዘ ሰው መርፌና ቅባት አይነካም፤ ከነካ ጠበሉ ይርቀዋል። ይህ ሕግ የእሳቸው ብቻ አልነበረም፣ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ለእናቴም ተመችቷታል፤ ምክንያቱም ትርንጎን ወረታ ክሊኒክ ብንወስዳት ወሬው ሳይመሽ ይፋግ ይገባል። ዓይኗ የታመመ ሙሽራ የሚቀበል ማን ነው?

ማስታገሱ አልቆየም። መግሉ ጨመረ፤ ትርንጎ እህል መቅመስ ተወች። አንድ ጠዋት ለማንም ሳልናገር ቀሚሴን እስከ ወገቤ ሰብስቤ በቀረው ውኃ ውስጥ ወረታ ሄድኩ። ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ነበረች፤ ቁስል የሚያክመው ድሬሰር ነጭ ካፖርት የለበሰ፣ ትሕትና ያለው ወጣት ነው። የሆነውን ሁሉ ነገርኩትና ቅባት ስጠኝ አልኩት።

«እታለም፣ ሳላያት አልሰጥም» አለኝ። «ብሌኗ ቆስሎ እንደሁ በቅባት ብቻ አይሆንም። ዛሬውኑ አምጧት። ነገ አትበሉ።»

«አባቴ እንቢ ቢሉስ?»

«ያለቅሳሉ በይልኝ። ኋላ ያለቅሳሉ።»

እንደዚያው ነገርኳቸው። አባቴ በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ቀና ብለው አላዩኝም።

«ጠበሉን ጀምረናል» አሉ። «ከመካከል ብናቋርጠው ለሁለቱም ሳትሆን ትቀራለች። ጥቂት እንታገሥ።»

«አባየ፣ ልጅቱ መግል እያነባች ነው!»

«ሲወጣ ነው የሚድን።»

ከጓዳ ውስጥ የትርንጎ ድምፅ መጣ። ቀጭን ነበር፣ ተሰባብሮ። «አባየ፣ ወረታ ይውሰዱኝ። በእግዜር፣ በእመቤቴ ይሁንብዎ፣ ይውሰዱኝ። ደምሌም ይቅርብኝ፣ ቀለበቱም ይቅርብኝ።»

አባቴ ተነሥተው ጓዳ ገቡና ራሷን ዳሰሱ። «ጥቂት ታገሽ ልጀ» አሏት። «ሰማዩ ይከፈትልሻል።» እኔ ብቻዬን ተሸክሜ በዚያ ጭቃ ውስጥ አላሻግራት፤ የቤታችን በቅሎም ወንዶቹም በአባቴ ቃል ነው የሚንቀሳቀሱት። የዚያን ዕለት የተሰማኝን ቁጣ ዛሬ ሰማንያን አልፌ እንኳ ደረቴ ውስጥ አገኘዋለሁ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሕመሙ ጋብ አለላት። እብጠቱም ቀንሶ ነበር፤ ቤቱ በሙሉ ተደሰተ። ትርንጎ በራሷ ተነሥታ ግድግዳውን እየዳበሰች ወደ በሩ መጣች፤ ፀሐይዋ ፊቷ ላይ ነበረች፤ አልጮኸችም። ዓይኗን ገለጠች። እንደ ልማዷ ድንጋዩን ከማተቧ ላይ ይዛ ወደ ብርሃኑ አነሣችው፤ አዙራ አየችው፣ መልሳ አየችው።

«አባየ» አለች፣ «ድንጋዩ ጠቁሯል።»

አባቴ ከመቀመጫቸው ተነሥተው መጡ። ድንጋዩን ከእጇ ላይ አዩት። ሰማያዊ ነበር፤ በዚያች ፀሐይ እንደ መጀመሪያው ቀን ተከፍቶ ሰማያዊ ነበር። ከዚያ ቀና ብለው ዓይኗን አዩ። ሁለቱም ብሌኖቿ የተቀቀለ እንቁላል ዓይነት ነጭ ሆነው ነበር። አባቴ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። በቅሎዋ የተጫነችው ያን ጊዜ ነው።

ድሬሰሩ ባትሪውን አብርቶ አያት፤ አጥፍቶ ተቀመጠ። አባቴን አልተቆጣም፤ ቢቆጣቸው ይሻላቸው ነበር። ቁስሉ መዳኑን፣ ጠባሳው ግን ብሌኑን እንደ ሸፈነው በቀስታ አስረዳቸው። በጭነት መኪና ጎንደር ድረስ ወሰድናት፤ እዚያም ያሉን ያንኑ ነው። መኪናው ላይ ትርንጎ ጭኔ ላይ ራሷን አሳርፋ «የት ደረስን?» ትለኝ ነበር፤ ይፋግ ስንደርስ ግን ይፋግ ነን ማለት አቃተኝ።

አቶ ይርጋ ክፉ ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎቹን ሲልክ ከእህልም ከማርም አስይዞ ነው የላከ፤ ሽማግሌዎቹም ለመናገር አፍረው ስለ ከብት በሽታ ብዙ አወሩ። በመጨረሻ ቀለበቱን ጠየቁ። ትርንጎ ከማተቧ ላይ ራሷ ፈታ በመዳፏ ዘረጋችላቸው። ደምሌ ውጪ በቅሎውን ይዞ ቆሞ ነበር፤ አልገባም። ኋላ እንደሰማነው አንዱ ሽማግሌ ድንጋዩ ተለውጦ እንደሆነ ጠርጥሮ ጎንደር ላለ አንጥረኛ አሳየው። አንጥረኛው በሞረድ ቧጨረው፣ በእሳት ሞከረው፣ በሚዛን ለካው፤ እውነተኛ ሰንፔር ነው አለ። እኔ ይህን ስሰማ ለአባቴ አዘንኩ። ጠርሙስ ቢሆን ኖሮ የሚያሳብቡበት ነበራቸው፤ ጠርሙሱ አታለለኝ ይሉ ነበር። ድንጋዩ ግን እውነተኛ ነበር።

አባቴ ማስተማራቸውን አልተዉም፤ ተማሪ የሚበትን መምህር የለም። ያንን ቦታ ግን ዳግመኛ አላወረዱም። ተማሪው እያነበበ ሰንፔር የሚለው ላይ ሲደርስ «ድንጋይ ነው፤ እለፍ» ይላሉ። አዲስ የመጡት ግራ ይጋባሉ፤ የቆዩት አንገታቸውን ይደፋሉ። ትርንጎ እንዝርቷን አልተወችም። ጣቷ ክሩን ያውቀዋል፣ ቀጭኑንም ይፈትላል፤ ወደ በሩ አንሥታ ማየቷ ብቻ ቀረ። ደምሌ ሌላ አገባ። ልጆች እየተወለዱ አደጉ፣ መንገዱ ሰፋ፣ የየመኑ ሰው ሱቁን ሸጦ ሄደ። በቤታችን ግን ስለ ዓይን የሚያወራ አልነበረም። አንድ ሰው «ዓይን ያወጣ ውሸት» ብሎ እንኳ ቢናገር ሁላችንም እናቀረቅራለን።

አባቴ ከዓመታት በኋላ ደረታቸውን ታመሙ። ትንፋሻቸው እያጠረ ሲሄድ ሁላችንንም ጠርተው ፍቱኝ አሉ፤ እኛም እንደ ወጉ እግዚአብሔር ይፍታዎት አልን። ከዚያ ትርንጎን ለብቻዋ ጠሯት።

«ትርንጎየ፣ ይቅር በይኝ ልጀ።»

«እግዜር ይፍታዎት አባየ።»

«የእሱን እሱ ያውቃል። እኔ የጠየቅሁት አንችን ነው።»

ትርንጎ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «እኔስ ገና ነኝ አባየ» አለች።

እናቴ ደረቷን መታች። «ምነው አንች ልጅ! ሊሞት ለተቃረበ ሰው?»

«ተያት» አሉ አባቴ። «እውነቷን ነው። እጠብቃለሁ።»

ጠበቁም። ጠዋት ጠዋት ትርንጎ ገብታ ፊታቸውን ታጥባለች፣ ሾርባውን በማንኪያ ታጠጣቸዋለች፣ እግራቸውን ታሻቸዋለች፤ ከእኛ ሁሉ የበለጠ ያስታመመቻቸው እሷ ናት። ሲጨርሱ «ትርንጎየ?» ይሏታል። «ገና ነኝ አባየ» ትላለች፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ይተኛሉ። እኔ ተናደድኩባት። ውጪ ጎትቼ «ምን ይጎልብሻል ብትያቸው?» አልኳት።

«እትየ፣ አፌ ላይ ያለውን ብሰጣቸው ያውቁታል» አለችኝ። «ቃል ሲመዝኑ ነው የኖሩ። የሌለኝን አልሰጣቸውም።»

ከዚህ በኋላ ያለውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እናቴ ከአባቴ ሞት በኋላ ብዙም ሳትቆይ ተከተለቻቸው፤ ትርንጎ ደግሞ ከእኔው ጋር እዚህ ወረታ ኖራ ዓምና ከፋሲካ በኋላ አረፈች። እሷ በሕይወት እያለች ሊነገር የሚችል አልነበረም።

በመጨረሻዋ ጠዋት እኔና እናቴ አልጋው አጠገብ ነበርን። ጎሑ እንደ ቀደደ የአባቴ ትንፋሽ አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ቆመ። እንደገና ይመጣል ብለን ጠበቅን፤ አልመጣም። ዓይናቸው ወደ ጣሪያው ተከፍቶ ቀርቷል። እናቴ ለመጮህ አፏን ስትከፍት በሩ ሲጥ አለና ትርንጎ የፊት መታጠቢያውን ውኃ ይዛ ገባች። ፊቷ ያበራ ነበር፤ እንደዚያ አይቻት የማውቀው ዓይኗ ደህና በነበረ ጊዜ ብቻ ነው። ዕቃውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ሳትቀመጥ፣ ጥያቄያቸውን ሳትጠብቅ፣

«አባየ፣ ዛሬስ ይቅር ብየዎታለሁ» አለች። «ከልቤ ነው። ሌሊቱን ሁሉ ፈልጌ አጣሁት፤ ቂሜ የለም።»

እኔና እናቴ ተያየን። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

«ሰሙኝ?» አለች ትርንጎ።

«ሰምተውሻል» አለች እናቴ። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

እናቴ መዳፏን በአባቴ ፊት ላይ አሳርፋ ዓይናቸውን በቀስታ ከደነች።

«እያለቀሱ ነው ልጀ» አለቻት፤ «ትንሽ ተያቸው።»